ለፊክስድ ብስክሌት የፔዳል ማሰሪያ የቱ ይሻላል? ጥያቄውና 24ቱ መልሶች

በብስክሌት ነጂዎች ውይይት ላይ የጻፈው ጠያቂ ነገሩን አላንዛዛውም። ፊክስድ ብስክሌት ገና መንዳት መጀመሩ ነው። ፔዳሉ ጠፍጣፋ ነው፤ እግር የሚይዝ ምንም ነገር የለውም። ቁልቁለት ሲወርድ እግሩ ከፔዳሉ ወጣ፤ ፔዳሉ ግን መዞሩን አላቆመምና ቅልጥሙን ደጋግሞ ገጨው። አሁን ማሰሪያ ሊገዛ ነው። ሦስት ዓይነት አይቷል፦ የጫማ አፍንጫ የሚያቅፍ ክሊፕ ያለው ቀጭን የቆዳ ጠፍር፣ በቬልክሮ የሚዘጋ ሰፊ ማሰሪያ፣ እና ፔዳሉ ላይ በሰያፍ ተጋድሞ የሚገጠም አንድ ወጥ ጠፍር። የቱን ይግዛ? ምን ያህልስ ያጥብቀው? የሚነዳው በተራ ሸራ ጫማ ነው፤ የብስክሌት ጫማ መግዛት አይፈልግም።

ፊክስድ ነድቶ ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላብራራ። በተራው ብስክሌት ፔዳል መምታት ስታቆም ጎማው ብቻውን ይሮጣል። ፊክስድ ላይ ይሄ የለም። የኋላው ጥርስ ከጎማው ጋር በቀጥታ ስለታሰረ፣ ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉም ይዞራል፣ እግርህም አብሮ ይዞራል። ፍጥነት የምትቀንሰውም በእግርህ ነው፤ ፔዳሉ ወደ ፊት ሲሄድ አንተ ወደ ኋላ ትይዘዋለህ። እግር ወጣ ማለት እንግዲህ ግማሹ ፍሬን ሄደ ማለት ነው። ማሰሪያው ዳገት ለመውጣት ብቻ የሚመስለው ካለ በጣም ተሳስቷል።

1ኛው መልስ ጨዋ ነበር፣ ጥያቄውን በጥያቄ መለሰ። ጠያቂው ስለ ማሰሪያ ከማውራቱ በፊት ፔዳሉን ገልብጦ እንዲያየው መከረው። ሰፊና ጠፍጣፋ ፔዳል ከሆነና ጎንና ጎኑ ላይ ረዘም ያለ ክፍተት ካለው ሰፊው ቬልክሮ ያልፍለታል። ጠበብ ያለ፣ ፊትና ኋላው የብረት ሰሌዳ የሆነ ፔዳል ከሆነ ደግሞ ለክሊፕና ለቀጭን ጠፍር የተሠራ ነው። አንዳንዱ ፔዳል ምንም ክፍተት የለውም፤ ምንም አይገጠምለትም። በእኔ እምነት ከሁሉም መልስ በፊት ይሄ መምጣቱ ጥሩ ሆነ። ሰው ማሰሪያውን ገዝቶ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው ብዙውን ጊዜ ፔዳሉን የሚያየው።

2ኛው የቬልክሮ ወዳጅ ነው። ሰፊው ማሰሪያ የእግርን ጀርባ በሰፊው ስለሚይዝ አይቆርጥም፣ ለማንኛውም ጫማ ይሆናል፣ ልኩን አንዴ ካስተካከልከው በኋላ ጎንበስ ሳትል እግርህን ታስገባለህ ታወጣለህ፤ ሐሳቡ ይሄ ነበር። 3ኛው ወዲያው ተቃወመው። ቬልክሮው አቧራና ክር ሲለቅም እንደሚደክም፣ ጭቃ ከነካው ደግሞ ጭራሽ እንደማይጣበቅ ጻፈ። የእሱ ማሰሪያ ስፌቱ ተተርትሮ መንገድ ላይ ለቆታል። 4ኛው በዚህ ትንሽ ተቆጣ። ቬልክሮ በደረቅ ብሩሽ ወይም በማበጠሪያ እንደሚጸዳ፣ ስፌቱም ከመለቀቁ በፊት ክሩ ተነስቶ እንደሚታይ አስረዳ፤ ዕቃውን ዞር ብሎ ሳያይ ዕቃውን የሚወቅስ ሰው አይገባውም። አነጋገሩ ከረር ቢልም ነገሩ ልክ ነው።

5ኛው መልስ ረጅሙ ነው። ጸሐፊው ዕድሜ የጠገቡ ይመስላሉ፤ ከሳቸው በኋላ የመጡት ሁሉ ጋሼ እያሉ ነው የጠሯቸው። የቆዳ ጠፍርና ክሊፕ እንዴት እንደሚገጠም አንድ በአንድ ዘረዘሩ። እኔም ይሄን ሳላሳጥር ላስቀምጠው፣ ምክንያቱም በትክክል ተገጥሞ ያየሁት ጥቂት ነው።

የጠፍሩ ጭራ በፔዳሉ ውጭ በኩል ይገባል። ፔዳሉ ሆድ ውስጥ ሳለ አንድ ጊዜ ይጠመዘዛል፣ ከዚያ በውስጥ በኩል ይወጣል። ያ አንድ ጥምዝ ጠፍሩ ወዲያና ወዲህ እንዳይንሸራተት አንቆ ይይዘዋል። ከዚያ ጭራው ወደ ላይ ወጥቶ በክሊፑ አናት ላይ ባለው ቀለበት ያልፍና ወደ ውጭ ተመልሶ ዘለበቱ ውስጥ ይገባል። ዘለበቱ የሚቀመጠው በውጭ በኩል፣ ከፔዳሉ ጠርዝ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። የእግር ጀርባ ላይ ከወጣ ይቆረቁራል፤ በጣም ከወረደ ደግሞ ፔዳሉ ላይ ተደግፎ በደንብ አይጠብቅም። ለማጥበቅ ጭራውን ወደ ላይ መሳብ ብቻ ነው። ለማላላት ዘለበቱን በአውራ ጣት ወደ ውጭ ገፋ ማድረግ፤ ጥርሱ ጠፍሩን ይለቀዋል። ጋሼ አጥብቀው የተናገሩት አንድ ነገር አለ፦ የተረፈውን ጭራ ለማሳመር ብላችሁ መልሳችሁ ዘለበቱ ውስጥ አትክተቱት። ጭራው ነጻ ካልሆነ በሚያስፈልግ ሰዓት አይላላም።

ስለ ክሊፑ ልክም ጨመሩ። ክሊፕ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ተብሎ ይሸጣል። ከአውራ ጣት ሥር ያለው የእግር ክፍል የፔዳሉ ዘንግ ላይ ሲያርፍ፣ በጫማው አፍንጫና በክሊፑ መካከል ጥቂት ሚሊሜትር መትረፍ አለበት። ጫማው ክሊፑን ከነካ ጣት ይጎዳል፤ ብዙ ከተረፈ ደግሞ እግር ወደ ፊት ሾልኮ ይገባና ጉልበት ይባክናል። ስለ ቆዳውም እንዲሁ። ነጠላ ቆዳ ውሃ ሲነካው ይለጠጣል። በሁለት ቆዳ መካከል ናይለን የገባበት ጠፍር ግን ልኩን ይጠብቃል፤ የሚገዛ ሰው ጠርዙን አይቶ ሦስቱን ንብርብር መለየት ይችላል።

6ኛው ጋሼን አመስግኖ ስለ ቡሎን አንድ መስመር ጨመረ። ክሊፑን ከፔዳሉ ጋር የሚይዙት ትንንሽ ቡሎኖች በንዝረት ይላላሉ፤ ወይ የሚይዝ ዳዶ ወይ ጠብታ የቡሎን ሙጫ ያስፈልጋቸዋል።

እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር። 7ኛው መጣና ሁሉንም አጣጣለው። ጠፍር ጊዜው ያለፈበት ነገር ነው፣ አዋቂ ሰው ጫማው ሥር ብረት አስገጥሞ ፔዳሉ ላይ ቀጭ አድርጎ ይቆልፋል የሚል ነበር ክርክሩ። ማስረጃ ብሎም የጃፓኑ የብስክሌት ዕቃ አምራች ሺማኖ በ1985 እ.ኤ.አ. ይሄን ፔዳል አምጥቶ ቱር ደ ፍራንስ እንዳሸነፈበት ጻፈ። 8ኛው ታሪኩን አረመው፣ ያውም በትዕግሥት። በ1985 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈው በርናርድ ኢኖ ነው፤ የነዳበትም የሉክ ፔዳል ነው። ሉክ በበረዶ ሸርተቴ ጫማ ማሰሪያ የታወቀ ድርጅት ነበር፣ ሐሳቡንም ከዚያ ነው ያመጣው። ኤስፒዲ የተባለው የሺማኖ የሚቆለፍ ፔዳል የወጣው በ1990 ነው፤ እሱም ለተራራ ብስክሌት። ከዚያም 8ኛው ጨዋታውን ወደ ጃፓን ወሰደው። በ1948 የተጀመረው የኬሪን ውድድር የፊክስድ ብስክሌት ውድድር ነው፣ ሕዝብ ገንዘቡን ይወራረድበታል፣ ተወዳዳሪዎቹም ዛሬ ድረስ በክሊፕና በጠፍር ነው የሚነዱት። ዕቃው ሁሉ ለኬሪን መጽደቁን የሚያሳይ ኤንጄኤስ የሚል ማኅተም ያስፈልገዋል። ጊዜው ያለፈበት ነገር ከሆነ እዚያ ምን ይሠራል? 7ኛው ለዚህ መልስ አልሰጠም።

9ኛው 8ኛውን ደግፎ የራሱን ጨመረ። በትራክ ላይ የሚሮጡ ጉልበተኛ ስፕሪንተሮች፣ ማለትም የአጭር ርቀት ተወዳዳሪዎች፣ የሚቆለፍ ፔዳል እያላቸውም ከላዩ ጠፍር ያስራሉ፣ ምክንያቱም ከቆመበት በሙሉ ኃይል ሲነሱ እግር ከቁልፉ ተመንጥቆ ሊወጣ ይችላል። ከዚያ ሁሉም የረሳውን ነገር አስታወሰ፤ ጠያቂው ገና ሲጀምር ነው የብስክሌት ጫማ አልፈልግም ያለው። ሰው የጠየቀውን ትቶ ያልጠየቀውን መመለስ በየውይይቱ የተለመደ ነው፣ 9ኛው ግን መስመሩን መለሰው።

10ኛዋ የደረሰባትን ጻፈች። ጠፍሯን አጥብቃ መብራት ላይ ደረሰች። ብስክሌቱ ቆመ፣ እግሯ አልወጣም፣ ቀስ ብላ ወደ ጎን ወደቀች። ክርኗ ተላጠ። ከኋላዋ መኪና አለመኖሩ በጃት። ከዚያ ወዲህ ጠፍሯን አላልታ ነው የምትነዳው፤ ላላ ሲል ደግሞ ፍጥነት ላይ እግሯ ይወጣል። መሃሉን እንዴት ላግኘው ብላ ጠየቀች።

11ኛው እኔ ነኝ። ለሷም ለጠያቂውም የጻፍኩት ይሄንን ነው። ግድግዳ ተደግፋችሁ ብስክሌቱ ላይ ተቀመጡ። እግራችሁን አስገቡና ጉልበታችሁን ወደ ላይ ሳቡ፤ እግር መውጣት የለበትም። ከዚያ ተረከዛችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ሳቡ፤ ያለ ትግል መውጣት አለበት። ወደ ላይ ሲሳብ የሚይዝ፣ ወደ ኋላ ሲሳብ የሚለቅ፣ ልኩ ይሄ ነው። ሁለቱንም አልሆን ካለ ችግሩ ብዙ ጊዜ ጫማው ጋ ነው፤ ሶሉ ወፍራምና ጥርሳም ከሆነ ፔዳሉን ነክሶ ይይዛል፣ አይንሸራተትም። ለመንገድ ሶሉ ጠፍጣፋና ጠንከር ያለ ጫማ ይመረጣል። የጫማ ክርም ጭራው ጫማ ውስጥ ይግባ፤ ፊክስድ ላይ ክር ካቴና ውስጥ ከገባ እግርህን ይዞ ነው የሚዞረው፣ አቁም ብትለው አይቆምም።

አነሳሱንም ጻፍኩላት፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚጨነቀው እዚህ ላይ ነው። ፊክስድን እንደ ተራ ብስክሌት ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙረህ ማስተካከል አትችልም። የፊት ፍሬን ትይዛለህ፣ ክብደትህን ወደ መሪው ታደርጋለህ፣ የኋላው ጎማ ብድግ ሲል በገባው እግርህ ፔዳሉን ከላይ ትንሽ ወደ ፊት ወዳለው ቦታ ታመጣለህ። ከዚያ ጎማውን አስቀምጠህ ትነሳለህ።

የፊት ፍሬን የሚለውን ሲያይ 12ኛው ብድግ አለ። ፊክስድ ላይ ፍሬን መግጠም ብስክሌቱን ማበላሸት ነው፣ ጠፍሩ ከጠበቀ እግር ይበቃል የሚል ነበር። 13ኛው እዚህ ላይ አልታገሠም። ስታቆም ክብደት ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላው ጎማ ይቀላል፣ ይንሸራተታል። የሚንሸራተት ጎማ ደግሞ መንገድ ይበላል። የፊት ፍሬን ያለው ሰው ከዚያ በጣም ባነሰ ርቀት ይቆማል። ጠፍር ቢበጠስስ? ካቴና ቢወልቅስ? ያኔ ምንም የለህም። 13ኛው 12ኛውን ገና ለጀመረ ሰው እንዲህ ያለ ምክር መስጠቱ ነውር መሆኑን በግልጽ ነገረው። 12ኛው ለዓመታት ምንም እንዳልሆነ መለሰ፣ ይሄ 14ኛው ነው። እኔ ከ13ኛው ጋር ነኝ፣ ያለ ምንም ግን። የፊት ፍሬን ያለው ሰው ማሰሪያውን ላላ አድርጎ መንዳት ይችላል፤ እግሩ ቢወጣም ይቆማል። ፍሬን የሌለው ሰው ግን ነፍሱን በአንድ ጠፍርና በአንድ ዘለበት ላይ ነው የሰቀላት። ከየትኛውም የማሰሪያ ምርጫ በፊት የሚመጣው ይሄ ነው።

15ኛው ነገሩን ለማብረድ ይመስላል ወሬውን ወደ ጎማ አዞረው። በእግር ቆልፎ መንሸራተት፣ ስኪድ የሚሉት፣ ጎማ እንደሚጨርስ ካነሳ በኋላ በ48 የፊት ጥርስና በ16 የኋላ ጥርስ የሚነዳ ሰው ጎማው አንድ ቦታ ላይ ብቻ እንደሚፋቅ ጻፈ። 48 ለ16 ሲካፈል ልክ 3 ነው፤ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው ሦስቴ ዞሮ ያው ቦታ ይመለሳል። 16ኛው አረመው። አንድ እግር ብቻ ከፊት አድርጎ ለሚንሸራተት ሰው እውነት ነው፤ ሁለቱንም እግር እያፈራረቀ ለሚያደርግ ግን ሁለት ቦታ ይሆናል፣ ምክንያቱም በግማሽ ዙር ጎማው አንድ ተኩል ስለሚዞር የተቃራኒው ወገን መሬት ይነካል። 17ኛው የኋላውን ወይም የፊቱን በአንድ ጥርስ መለወጥ ምን ያህል እንደሚጠቅም አሳየ። 48 ለ17 ከሆነ መፋቁ 17 ቦታ ላይ ይከፋፈላል። 47 ለ17 ከሆነና እግር ከተፈራረቀ 34 ይሆናል። ከርዕሱ ቢወጣም ቁጥሩ ደስ ይላል፤ አንድ ጥርስ ለውጦ ጎማን ይህን ያህል ማቆየት ቀላል ነገር አይደለም።

18ኛው ግን አልተደሰተም። ሰውዬው ስለ ማሰሪያ ነው የጠየቀው ብሎ ሁሉንም ገሠጸ፣ ራሱ ግን ስለ ማሰሪያ ምንም ሳይል ሄደ።

19ኛው ሦስተኛውን ዓይነት አነሳ፣ እስከዚህ ድረስ ማንም ያልነካውን። በሰያፍ የሚገጠመው ጠፍር ክሊፕ የለውም። ተረከዝህን ወደ ውጭ አድርገህ እግርህን ታስገባለህ፣ ተረከዙን ወደ ውስጥ ስትመልስ ጠፍሩ ይጠብቃል። ለመውጣት ተረከዝን ወደ ውጭ መልሶ ማዞር ነው። መግባትም መውጣትም ፈጣን ነው፣ ጎንበስ ማለት አያስፈልግም። ጉዳቱንም አልደበቀም፦ ልኩ ለአንድ ጫማ ነው የሚስተካከለው፤ ቀጭን ጫማ አድርገህ አስተካክለህ በወፍራም ጫማ ብትመጣ አይገባልህም። ጉልበቱን የሚያመው ሰውም ይሄ ማዞር ላይመቸው ይችላል።

20ኛው ያነሳው ነገር ለጠያቂው ከሁሉ የጠቀመ ይመስለኛል። ክሊፕ ከጫማ አፍንጫ ወደ ፊት ይወጣል። ትንሽ ፍሬም ላይ ወይም ጎማውና ፔዳሉ በሚቀራረቡበት ብስክሌት፣ ቀስ ብለህ ስትታጠፍ ክሊፑ የፊት ጎማውን ይነካል። በተራ ብስክሌት ፔዳሉን አቁመህ ታልፋለህ። ፊክስድ ላይ ፔዳል ማቆም የለም። ስለዚህ ከመግዛት በፊት መለካት፦ እግር ፔዳል ላይ፣ ፔዳሉ ወደ ፊት፣ መሪውን ወደ ተቃራኒው ወገን ማዞር። ጫማው ራሱ ጎማውን ለመንካት ትንሽ ከቀረው ክሊፕ መግጠም አይሆንም፣ ሰፊው ማሰሪያ ይሻላል። አዲስ ነገር ያልሆነ ሊመስል ይችላል፣ ግን ማሰሪያ የሚሸጥ ሰው ይሄን አይነግርህም።

21ኛው የክሊፕን ሌላ ችግር ጨመረ። እግር ባልገባበት ሰዓት ፔዳሉ በክብደቱ ይገለበጣል፤ ክሊፑ ወደ ታች ተንጠልጥሎ መሬት ይፍቃል። ያን በጫማ አፍንጫ ገልብጦ እግር ማስገባት ልምምድ ይጠይቃል፣ ፊክስድ ላይ ደግሞ ፔዳሉ እየዞረ ነው ያን የምታደርገው። የመከረው፣ የመጀመሪያው እግር ቆሞ ይግባ፣ ሁለተኛውን ደግሞ ሜዳ ላይ ቀስ እያሉ ፔዳሉ ወደ ላይ ሲመጣ ኋላውን በጫማ አፍንጫ ነካ እያደረጉ መለማመድ ነው። ትራፊክ መሃል ይሄን መሞከር አይገባም። ሁለተኛው እግር እምቢ ካለ በተገለበጠው ፔዳል ጀርባ ላይ አሳርፎ ቀስ ብሎ መንዳት ይሻላል።

22ኛው ድርብ ጠፍር ምን ጥቅም አለው ብሎ ለጠየቀ ሰው የመለሰ ነው፤ ጥያቄው በኋላ ተሰርዟል መሰል አላየሁትም። ሁለት ቀጭን ጠፍር በአንድ ክሊፕ ላይ የሚታሰረው በሙሉ ጉልበት ለሚሮጥ ሰው ነው። ጫናው ለሁለት ስለሚከፈል እግር አይቆረጥም፣ አንዱ ቢለቅ ሌላው አለ። ለከተማ መንገድ ግን ሁለት ዘለበት ማላላት ጊዜ ይወስዳል፤ 10ኛዋ መብራት ላይ የደረሰባት ነገር እጥፍ ይሆናል። እሷም እዚያው ስር ተስማማች።

23ኛው ጠያቂው ራሱ ነው። ሁሉንም አንብቦ ተመለሰ፣ ይሄ ራሱ ያስመሰግነዋል፤ ስንቱ ጠይቆ ይጠፋል። ፔዳሉን ገልብጦ አየው፤ ሰፊና ጎንና ጎኑ ክፍተት ያለው ነው። መሪውን አዙሮ ለካ፤ ጫማው ከጎማው ጋር ለጥቂት ነው የሚተላለፈው። ስለዚህ ክሊፑን ትቶ ሰፊውን ቬልክሮ መረጠ። የፊት ፍሬኑንም እንደማያወልቀው ጻፈ፣ 12ኛውን ሳይሰድብ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረው፦ ማሰሪያው ግራና ቀኝ አለው ወይ?

24ኛው መለሰለት፣ ጋሼ ናቸው እንደገና። አለው። ቬልክሮው የሚከፈትበት ጫፍ ሁልጊዜ በውጭ በኩል ይሁን። ወደ ውስጥ ከሆነ የተረፈው ጭራ ወደ ካቴናው ይሄዳል፤ እጅም አይደርስበትም። ከገጠመ በኋላ ማሰሪያውን በሁለት እጁ ጠንክሮ ወደ ላይ ይሳበው፣ በክብደቱም ይደገፍበት፤ የሚለቅ ከሆነ እዚያው ቆሞ ሳለ ይልቀቅ። ማሰሪያው ገና አዲስ ሳለ ከፔዳሉ ጋር ሲላመድ ትንሽ ስለሚላላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከመነሳቱ በፊት ልኩን እንደገና ይይ። ስፌቱንም አልረሱም፦ ማሰሪያው በፔዳሉ ጠርዝ የሚታጠፍበት ቦታ መጀመሪያ የሚበላው ስለሆነ፣ እዚያ ክር ተነስቶ ካየ መቀየር ነው፣ መስፋት አይደለም።